ጣራው በነሐሴ፣ ግድግዳው በጥቅምት፦ የአንዲት እማሆይ ቤት ጉዳይ

በየክረምቱ የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት ሲባል ትሰማላችሁ። ቲሸርት ይታደላል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ጭቃ ይረገጣል፣ ፎቶ ይነሳል። መስከረም ከጠባ በኋላ ስለ ቤቱ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። እኔ የማወራችሁ ስለ አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ ስላለ፣ አራት በአምስት ሜትር ስለሆነ የጭቃ ቤት። ከሐምሌ 2014 እስከ ጥር 2015 ድረስ ምን እንደሆነ፣ ማን ምን እንደሠራ፣ የት የት ላይ እንደተጣላን ነው የምጽፈው። ስም አልጠራም። የቤቱ ነዋሪ እማሆይ "ስሜን እንዳታነሱ" ብለዋል፤ እሳቸውን ትቼ ሌላውን መጥራት ደግሞ ደስ አላለኝም።

ዋናውን ነገር ከአሁኑ ልንገራችሁ። የረጂው ወቅትና የተረጂው ወቅት አይገጥሙም። ተማሪ እረፍት የሚወጣው በክረምት ነው። መሥሪያ ቤት ዘመቻ የሚጠራው በክረምት ነው። ሰውም ኪሱ የሚገባው ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ ሰምቶ ነው። የጭቃ ግድግዳ ደግሞ በክረምት አይሠራም። የገጠመን ጣጣ ሁሉ ከዚህ ነው የመጣው።

ልጆቹና እማሆይ

ቤቱን ያደሰው የበጎ ፈቃደኞች ቡድን የተሰባሰበው በኅዳር 2014 ነው። ያኔ ጦርነቱ ሸዋሮቢትን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ተጠግቶ ነበር፤ ከዚያ አካባቢ የወጣው ሕዝብ በአይሱዙም በእግሩም ወደ ደብረ ብርሃን ይጎርፋል። የቡድኑ ልጆች ከየቤቱ እንጀራ፣ በሶና ብርድ ልብስ እየለቀሙ ሰው ወደተጠለለበት ያደርሱ ነበር። አብዛኞቹ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ሁለት የዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ አንድ ባጃጅ ነጂ፣ ሕግ ተመርቃ ሥራ የምትፈልግ አንዲት ልጅም አሉበት። እኔ በዕድሜ ስለምበልጣቸው "ሒሳቡን ያዝልን" አሉኝና ደብተሩ እኔ ጋ ቀረ።

የአደጋ ጊዜ ሥራ ያደክማል እንጂ አያደናግርም። የራበው አለ፣ እንጀራ አለ፣ ማድረስ ነው። ነገሩ ሲረጋጋና ከመጣው ሰው ብዙው ወደ ቀዬው ሲመለስ ልጆቹ አልተበተኑም። ክረምት ሲገባ "የሰፈራችንን ሰው እንይ" አሉ። ማንን እንይ ለሚለው የእድሩን ጡሩምባ ነፊ ጠየቅን። ከመሥሪያ ቤት ዝርዝር ማምጣት ይቻል ነበር፤ ጡሩምባ ነፊው ግን የማን በር በስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ከማን ቤት ጭስ ሳይወጣ እንደሚውል ያውቃል። ብዙም ሳያስብ "እማሆይ" አለን።

እማሆይ ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ "በጣሊያን ጊዜ ነው የተወለድኩት" ይላሉ። ባለቤታቸው የቀን ሠራተኛ ነበሩ፣ ከሞቱ ቆይተዋል። ልጅ አላቸው፤ አረብ አገር ሄዳ ድምጿ ጠፍቷል። እሳቸው ለባና የሚሆን የበግ ፀጉር እየፈተሉ ይኖሩ ነበር፣ ዓይናቸው ሲደክም እሱም ቀረ። ከግቢያቸው ቀጥሎ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት አለች። ውሃ የምትቀዳላቸው፣ ጠዋት ሻይና ቁራሽ የምታደርስላቸው እሷ ናት። ይህችን ሴት ልብ በሉልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ጣራው የዛገ ቆርቆሮ ነው፤ ቀዳዳው ላይ ላስቲክ ተዘርግቶ ድንጋይ ተጭኖበታል። የጀርባው ግድግዳ ከጣራው በሚወርደው ውሃ ከስሩ ታጥቦ ማገሩ አግጥጧል። ሁለት ቋሚዎች መሬት የሚነኩበት ቦታ ላይ በስብሰዋል። አልጋቸው ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲሸሽ ከርሞ በመጨረሻ በሩ አጠገብ ሰፍሯል። ከተማዋ ያለችው ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ መሆኑን አስቡና፣ በሐምሌ እርጥብ መደብ ላይ ማደር ምን ማለት እንደሆነ ገምቱ።

አናጺው

የልጆቹ ዕቅድ አጭር ነበር። ግድግዳውን አፍርሶ በሁለት ሳምንት መልሶ ማቆም፣ ጣራ መቀየር፣ ብርሃን እንዲገባ ትልቅ መስኮት ማውጣት፣ ነሐሴ ሳያልቅ ማስረከብ። አናጺ ፍለጋ ሄድን። ያገኘናቸውን ሰው ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፤ የሰፈሩን ግማሽ ቤት ያቆሙ እሳቸው ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቤቱን ዞረው አዩ። ግድግዳውን በጥፍራቸው ቧጠጥ አደረጉ። ከዚያ "ጭቃው መቼ ሊደርቅ ነው?" አሉ።

መልስ የሰጠ የለም።

ነገሩን ላላወቀ እንዲህ ነው። ለምርጊት ቀይ አፈር ይመረጣል። የእኛ ሜዳ አብዛኛው ዋልካ ነው፣ ዋልካ ደግሞ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ ግድግዳ ላይ ብትለጥፉት ተገንጥሎ ይወርዳል። ቀዩ አፈር በውሃ ተለውሶ፣ ጭድ ገብቶበት፣ በእግር ተረግጦ ይተኛል። ይቦካል። እንደገና ይረገጣል፣ ጭድ ይጨመርበታል፣ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ይቆያል። ከዚያ የመጀመሪያው ምርጊት ማገሩ ላይ ይመታል። እሱ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም፣ ስንጥቁን የሚዘጋው ሁለተኛው ልስን ነው። በሐምሌ ደብረ ብርሃን ላይ የመጀመሪያው እንኳን አይደርቅም። ላዩ ቆዳ ይይዝና ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ያንን እርጥበት የሚጠጣው እንጨቱ ነው፣ በዓመቱ ቋሚው ይበሰብሳል። ጋሼ እንዳሉት "በክረምት የተመረገ ቤት አዲስ ሆኖ ይበሰብሳል።"

ጭዱም ሌላ ጣጣ ነው። ለምርጊት የጤፍ ጭድ የሚያህል የለም፤ ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ጭቃውን ሰብስቦ ይይዛል። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ግን የገብስና የስንዴ አገር ነው፣ ጤፍ ብርዱ አይመቸውም። የጤፍ ጭድ የሚመጣው ከጅሩ ወይም ከምንጃር በኩል ነው። በሐምሌ ደግሞ የአምናው ጭድ አልቋል፣ የዘንድሮው ጤፍ ገና እየተዘራ ነው። ያለችውም ለከብት ተይዛለች። የጅሩ ሰንጋ የሚያደልብ ሰው ጭዱን ለእኛ ግድግዳ ይሰጣል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ታዲያ መቼ? ጋሼ ከመስቀል እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለችውን ጊዜ ነገሩን። ዝናቡ ያቆማል፣ ፀሐይ አለ፣ ውርጩ ገና አልጠነከረም። ኅዳር ከገባ ሌሊት ከዜሮ በታች የሚወርድበት ቀን ይመጣል፤ ያልደረቀ ልስን ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን ልስኑን ከፍቶ ያፈረፍረዋል። እንግዲህ አንድ ወር ተኩል ገደማ ናት። እስከዚያ ምን ይሁን? "ጣራውን አሁን እንክደን፣ የበሰበሱትን ቋሚዎች እንለውጥ፣ ዙሪያውን ቦይ እንቁረጥለት። ግድግዳው በሸራ ተሸፍኖ ይክረም።"

የተጣላነው እዚህ ላይ ነው። ግማሹ ልጅ ጋሼን ደገፈ። ሌላው ግማሽ "በጥቅምት ማን ይኖራል?" አለ፣ እውነቱንም ነበር። ዘመቻውን የሚያስተባብር አንድ መሥሪያ ቤት ደግሞ ከጳጉሜን በፊት ርክክብ እንዲደረግ ይፈልጋል፤ ሪፖርቱ ላይ "የታደሰ ቤት" የሚል ሣጥን አለ እንጂ "ጣራው የተከደነ፣ ግድግዳው ጥቅምትን የሚጠብቅ" የሚል የለም። ገንዘብ የላኩ ሰዎችም ነበሩ። ብዙው በቴሌብር ከአዲስ አበባ ነው የመጣው፣ አንዳንዱም ከውጭ አገር በዘመድ በኩል፤ የላከ ሰው ፎቶ ይጠይቃል፣ ቢጠይቅም አይፈረድበትም። ግማሽ ቀን ከተከራከርን በኋላ ከተሰበሰበው ሦስት እጅ አንዱ ላይነካ ለጥቅምት እንዲቀመጥ ተስማማን። ለላኩት ሰዎች ምክንያቱን ጻፍንላቸው። አንድ ሰው ብቻ ተቆጥቶ "መልሱልኝ" አለ፣ መለስንለት። ለርክክቡ የተዘጋጀው ባነር ለሌላ ቤት ሄደ።

ትልቁን መስኮት ያስቀሩት ራሳቸው እማሆይ ናቸው። "ብርድ በምን በኩል የሚገባ ይመስላችኋል ልጆቼ?" አሏቸው። በመጨረሻ ክንድ የምታህል ባለ እንጨት መዝጊያ መስኮት ተፈቀደች።

ወረቀቱ

ከምስማር በፊት ወረቀት መጣ። ቤቱ የቀበሌ ነው። ይህ ከ1967 የመጣ ነገር ነው፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ፣ ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩ ቤቶች ለቀበሌ አስተዳደር ተሰጡ። ኪራዩ በብዙ ቦታ ያኔ የነበረውን ያህል ሆኖ ቀረ። በጥቂት ብር ኪራይ ማንም ቤት አያድስም፣ ተከራዩም የራሱ ያልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ አያወጣም። ቤቶቹ እንዲሁ እያረጁ ሄዱ። የእማሆይም ቤት ከእነዚህ አንዱ ነው።

ጣራ ለመቀየር የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ሕግ የተማረችው ልጅ ለደብዳቤው ስትሄድ የኪራይ ውሉ በሟች ባላቸው ስም እንዳለ አገኘች። እማሆይ ለብዙ ዓመት ኪራይ የከፈሉት በሞተ ሰው ስም ነው። ልጅቷ ይህን ስትነግረን ብዙዎቻችን ነገሩን ቀለል አድርገን ነበር የሰማነው፣ እሷ ግን ድርቅ አለች። "ቤቱ ሲፈርስ የሚፈልገው አልነበረም። ነገ ጣራው ሲያበራ ፈላጊ ቢመጣ በምን ሊከራከሩ ነው?" አለች። ልክ ነበረች። የታደሰ ቤት ዓይን ይስባል።

ስም ለማዞር የጋብቻ ማስረጃ ተጠየቀ። እማሆይ የተጋቡት በሽማግሌ ነው፣ ወረቀት የለም። ፋይሉ የለም ተባለ፣ ከዚያ ተገኘ፣ ከዚያ የሚፈርመው ሰውዬ ስብሰባ ገባ። ይህን ክፍል የምታውቁት ስለሆነ ልለፈው። የጠቀመን የእድሩ መዝገብ ነው። ባለቤታቸው የተቀበሩበት ቀን፣ ድንኳኑ የተተከለበት ቤት፣ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ እገሊት ተብሎ የተከፈለው ገንዘብ በእድሩ ጸሐፊ እጅ ተጽፎ ተገኘ። ከሦስት ምስክር ጋር ተያይዞ ገባና ተቀበሉት። የእድሳት ፈቃዱ ወዲያው ወጣ። የስም ማዞሩ ግን ቆየ።

ጣራው

ጋሼ በበዓል ቀን ምስማር አይመቱም። መጀመሪያ የወጣው ፕሮግራም ሐምሌ 19 ገብርኤልን ይነካ ነበር፣ እሱ ተሰረዘ። በኋላ የተመረጠው የፍልሰታ የመጀመሪያው ሳምንት ነው። ለምን ቢባል፣ እማሆይ በፍልሰታ ሱባኤ ይገባሉ፣ ቤታቸው ባዶ ይሆናል። እሳቸውን የት እናሳድር ብሎ መጨነቅ ቀረልን።

ለሚሠራ ሰው እንዲጠቅም የቆርቆሮውን ስሌት ላስቀምጥ። ቤቱ አራት በአምስት ቢሆንም ጣራው ከየጎኑ ግማሽ ግማሽ ሜትር ይወጣል፣ ተዳፋትም አለው፤ ወደ 34 ካሬ ሜትር ይደርሳል። አንዱ ቅጠል ቆርቆሮ ሁለት ሜትር ርዝመት ቢኖረውም ጎኑም ጫፉም ስለሚደራረብ የሚሸፍነው አንድ ካሬ ከግማሽ እንኳን አይሞላም። 25 ቅጠል ያዙ። ጌጁ፣ ማለትም የቆርቆሮው ውፍረት ቁጥር ላይ ክርክር ነበር። ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል፤ 32 ርካሽ ነው ግን ስስ ነው፣ የእኛን ነፋስና በረዶ ብዙ አይችልም። 30 ተገዛ፣ በትርፉ ገንዘብ ቀለም ይገዛ የነበረው ቀረ። አሸንዳም አልተረሳም፤ ግድግዳውን ከስሩ ያጠበው ከጣራው የሚወርደው ውሃ ስለሆነ አሸንዳ የሌለው ጣራ መክደን ያንኑ በሽታ መመለስ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከጋሼ ተማርን። ቆርቆሮ በደጋ ያለቅሳል። ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ የምድጃውና የትንፋሹ እንፋሎት ከስሩ ሲነካው ውሃ ሆኖ አልጋ ላይ ይንጠባጠባል፣ ጣራው ሳይበሳ ቤቱ ያፈሳል። ስለዚህ ከስር ኮርኒስ ያስፈልጋል። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ተሰብስቦ ታጠበ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ በእጇ ሰፋችው፣ ተወጠረ። ለጆንያው የወጣ ገንዘብ የለም።

ከነጋ ጀምሮ አሮጌው ቆርቆሮ ወረደ፣ የባህር ዛፉ ወራጅ ተመታ፣ ከሰዓት ዝናቡ ሲመጣ የቀረችው አንዲት ጎን ነበረች፤ እሷን በሸራ ሸፍነን በማግስቱ ጨረስን። እማሆይ ከሱባኤ ሲመለሱ በራቸው ላይ ቆመው ጣራውን እያዩ ብዙ ቆዩ። አንዱ ልጅ ስልኩን አወጣ። "ተው ልጄ" አሉት። "ቆብ የጫንኩት ለነፍሴ ነው፣ በስልክ ለመታየት አይደለም።" ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ለላኩት ሰዎች የደረሳቸው የጣራው ፎቶ ብቻ ነው።

እድሩ

መስከረም ገባ። የተፈራው ሆነ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነበር የተሰጠው፣ ያውም ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት የመጀመሪያ ሳምንታት። ልጆቹ ደብተራቸውን ይዘው ተደበቁ። የዩኒቨርሲቲዎቹ ልጆች ተመለሱ። የቀረነው ባጃጅ ነጂው፣ ሕግ ተመራቂዋና እኔ ነን። ገንዘብ አለ፣ አናጺ አለ፣ ጭቃውን የሚረግጥ እግር የለም።

ባጃጅ ነጂው ነው ለእድሩ እንንገር ያለው። ወርሃዊው ስብሰባ ላይ ተነሳን። ወዲያው አንድ አባት ተቃወሙ፦ "እድር የቆመው ለቀብር ነው። ዛሬ ግድግዳ ካልን ነገ ሰርግ እንላለን።" ክርክሩ ጦፈ። አንዲት እናት ናቸው ያበረዱት። "ሲሞቱማ ድንኳን ተክለን፣ ወንበር ደርድረን፣ ሦስት ቀን ልንቀመጥላቸው ነው። ምናለ አሁን አንድ ቀን ብንቆምላቸው?" ሰው ሳቀ፣ አባትየውም ሳቁ። የእድሩ ዳኛ ከዚያ ወሰኑ፦ ቀን ይቆረጣል፣ ጡሩምባ ይነፋል፣ ቀብር ላይ የቀረ የሚቀጣውን ያህል የቀረ ይቀጣል።

"ታዲያ ይሄ ምኑን በጎ ፈቃድ ሆነ?" ያሉኝ ሰዎች አሉ። አልሆነም፣ አዎ። እኔ ግን ዳኛውን እደግፋለሁ። ፈቃድ በሐምሌ ብዙ ነው፣ በጥቅምት ያንሳል፣ በታኅሣሥ ይጠፋል። የሰው ልብ ስለሚከፋ አይደለም፤ ፈተና አለ፣ አዝመራ አለ፣ ሥራ አለ። ያ ሁሉ እያለ ሰው ቀብር የማይቀረው ልቡ ከሌላው ቀን በልጦ ደግ ስለሆነ ይመስላችኋል? መዝገብ ስላለ ነው፣ ስሙ ስለሚጠራ ነው፣ ነገ እሱም ስለሚፈልገው ነው። ቡድናችን ይህ ሁሉ አልነበረውም። በስማችን የባንክ ሒሳብ እንኳን የለንም፣ ብሩ በግለሰብ ስልክ ነው የሚገባው፤ አንድ ድርጅት ሊረዳን ፈልጎ "የተመዘገባችሁ ናችሁ?" ሲል እዚያው ቀርቷል። እድሩ ግን የባንክ ደብተር፣ ማኅተምና ኦዲተር አለው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርና እቁብን ስለማይመለከት እንደ ድርጅት ተመዝገብ የሚለውም የለም። ይሄን ሁሉ ይዞ ሰው እስኪሞት መጠበቁ ነው የሚገርመው።

ቀኑን መምረጥም ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። እሑድ አይሆንም። ጋሼ ቀዳሚትም ሰንበት ናት አሉ። ሐሙስ ተባለ። የመንግሥት ሠራተኛው ሐሙስ መምጣት ስላልቻለ ቅጣቱን ከፍሎ ቀረ፤ የጤፍ ጭዱ ጉድለት የተሞላው በዚያ የቅጣት ገንዘብ ነው። አፈሩን ግን ባጃጅ ነጂውና ጋሼ ከመስቀል ማግስት ጀምረው አቡክተውት ስለነበር ደርሶ ጠበቀን።

ጠዋት ጡሩምባው ሲነፋ እማሆይ በራቸው ላይ ወጥተው "ማን ሞተ?" አሉ። ማንም እንዳልሞተ፣ የተጠራው ለእሳቸው ቤት እንደሆነ ሲነገራቸው አማተቡና "በቁሜ አስነፋችሁብኝ" ብለው ሳቁ። ወንዶቹ ረገጡ፣ መረጉ። ሴቶቹ ውሃ አመላለሱ፣ ንፍሮና ጠላ ቀረበ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስንጥቁ ተዘግቶ ልስኑ ሲወጣ ግን ጡሩምባ አላስፈለገም። ሁለተኛውን ልስን ሴቶቹ ብቻቸውን ጨረሱት፣ ወለሉንም በእበት ለቀለቁት። ልጆቹም ከፈተና ሲመለሱ ቦዩን በድንጋይ ገነቡ። ውርጩ በኅዳር ሲመታ ግድግዳው ደርቆ ነበር።

ከግድግዳው በኋላ

በታኅሣሥ እማሆይ ሳል ያዛቸው። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ደብተር እንደሌላቸው ታወቀ። ይህ መድኅን በ2003 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረ ነው፤ አባል የሆነ በዓመት አንዴ ይከፍላል፣ መክፈል የማይችለውን ደግሞ ማኅበረሰቡ ይመርጠውና መንግሥት ይከፍልለታል። እማሆይን የመረጣቸው አልነበረም፣ ስብሰባ አይሄዱማ። ምዝገባውም እንደ ጭዱ ወቅት አለው፣ እኛ ጋ ከመኸር በኋላ ነው የሚከፈተው። በጥር እድሩ ስማቸውን አስገባ፤ የሌሎች የሦስት ሽማግሌዎች ስምም አብሮ ገባ። ገንዘብ የማይጠይቀው ሥራ ይህ ነበር፣ ከጣራው የማያንስ ጥቅም ያለውም እሱ ይመስለኛል።

ያልተሳካም አለ። መጸዳጃ ቤቱ አልተሠራም። ልጆቹ በየሳምንቱ ኩበትና እንጨት በተራ ለማድረስ ስም ጽፈው ግድግዳ ላይ ለጥፈው ነበር፤ ወረቀቱ ተለጥፎ ቀረ፣ ተራው ግን ከገና በፊት ተቋረጠ። እንጨቱን ማን አቀረበ? እንጀራ ጋጋሪዋ። ከእኛ በፊትም እሷ ነበረች፣ በኋላም እሷው ናት። ቲሸርት አልደረሳትም፣ "በጎ ፈቃደኛ" ብሎ የመዘገባትም የለም። ይህን ለእድሩ ዳኛ ስነግራቸው ጉዳዩን ለስብሰባ አቀረቡት፤ ከየካቲት ጀምሮ ከወርሃዊ መዋጮ ነፃ ሆነች፣ ለእማሆይ የሚቀዳው ውሃ ሒሳብም ከእድሩ እንዲከፈል ተወሰነ። ለመጪው ሥራ ከዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ ውሰድ ብባል የምወስደው ይህን ነው። አዲስ ረጂ ከመፈለግ በፊት ማን እየረዳ እንዳለ ማየት፣ የእሱን ሸክም ማቅለል።

የስም ማዞሩ ፋይል ይህን በምጽፍበት ሰዓትም ፊርማ ይጠብቃል። ልጅቷ አሁን ሥራ ይዛለች፣ በምሳ ሰዓቷ እየሄደች ትጠይቃለች።

ለቀጣዩ ክረምት ሁለተኛ ቤት ተመርጧል። የኪራይ ውሉ በማን ስም እንዳለ ቀድመን አይተናል፣ በነዋሪዋ ስም ነው። የጤፍ ጭዱ በጥር፣ አውድማው ሳይነሳ፣ ከጅሩዋ ከተማ ከእነዋሪ በኩል በርካሽ ተገዝቶ የእድሩ መጋዘን ውስጥ ከድንኳኑ ጎን ተከምሯል። ንብረት ያዡ ድንኳኑ ጭድ ጭድ ሸተተ ብለው በየስብሰባው ያማርራሉ፤ ዳኛው እስከ ጥቅምት እንዲታገሱ ነግረዋቸዋል።